እጃቸውን ከልጄ አፍ ያነሳልኝ ጌታ

እኔን የበደለችኝ ሶሬቲ ናት። የባሌ የፉፋ ታላቅ እህት ናት፤ በመንደራችን በጉቶ ከእኛ ግቢ በላይ ነበር የምትኖረው። የበደለችኝም የበኩር ልጄን ኦልጅራን በቀበርንበት ሳምንት ነው። እኔ ሐዘን ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ለቅሶ በመጣው ሰው ሁሉ ፊት "የዚህች ሴት ደም ቤት አያቆምም" አለች። ምስክርነቴ ስለ ጌታ ነው። ነገር ግን ጌታ ከማን እጅ እንዳወጣኝ ካልተናገርኩ ምስክርነቴ ግማሽ ይሆናል።

ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ልመሰክር ተነሥቻለሁ። ሽማግሌዎቹ ብዙ ጊዜ "አዴ ጂፋሬ፣ ምነው አንቺ አትመሰክሪም?" ሲሉኝ "ድምፄ አይሰማም" እያልኩ አልፌአቸዋለሁ፤ አዴ ወይዘሮ ማለት ነው። ድምፄ እንደሚሰማ ጎረቤቶቼ ያውቃሉ። ከሸዋና ከጎጃም የመጣችሁም እንድትሰሙ በአማርኛ እናገራለሁ። ያለቀስኩት ግን በቋንቋችን ስለሆነ፣ አንዳንድ ቃል ቢያመልጠኝ ታገሡኝ።

በእኛ ዘንድ ሙሽራ ሆና የገባች ሴት የባሏን ወላጆችና ታላላቆች በስማቸው አትጠራም። ለጉ ይባላል። ስማቸውን ብቻ ሳይሆን ስማቸውን የሚመስለውን ቃል እንኳ አዙረን ነው የምንናገረው። እኔም ያችን ሴት "ጊፍቲ ኮ" እያልኩ ኖርኩ፤ እመቤቴ ማለት ነው። ስለዚህ አሁን ሶሬቲ ስል ከኋላ የተቀመጣችሁ እናቶች ስትተያዩ አይቻለሁ። ተያዩ። ለምን እንደምጠራት ትሰማላችሁ።

ኦልጅራ የሞተው ተገርዞ ነው። ገራዡ በዚያ ቀን የጎረቤት ልጆችንም ገርዞ ነበር፤ እነሱ በማግሥቱ ጡት ይጠባሉ። የእኔ ልጅ ደም ግን አላቆመም። ቅጠል ጨመቁበት፣ አመድ ነሰነሱበት። "እስቲ ቆሞ እንደሆነ እንየው" እያሉ ጨርቁን ባነሱ ቁጥር እንደ አዲስ ይመጣል። እጄ ላይ ነጣ፤ ከዚያም ቀዘቀዘ።

ሶሬቲ ይዛኝ ቃልቻ ቤት ሄደች። ቃልቻው ከእናቴ ቤት አንድ መንፈስ ተከትሎኝ እንደመጣ ተናገረ፤ በየዓመቱ በግ እንዳርድለት፣ ጨሌም አንገቴ ላይ እንዳስር አዘዘ። ጨሌውን ያሰረችልኝ ሶሬቲ ናት። ቋጠሮውን ስታጠብቀው አንገቴ ላይ ሁለት እጇ ነበር። "ይኼን የፈታሽ ቀን ከወንድሜ ቤት ትወጫለሽ" አለችኝ። እሺ አልኩ። በዚያን ጊዜ እሺ ከማለት ሌላ አላውቅም ነበር።

ከዚያም ሴት ልጄን ጫልቱን ወለድኩ። ቀጥሎ ገለታ ተወለደ። ወንድ ነው ሲሉኝ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔ ፈራሁ። መገረዙን በምክንያት አሳለፍኩት፤ አንዴ ዝናብ ነው፣ አንዴ ጉንፋን ይዞታል፣ አንዴ አባቱ ይምጣ እላለሁ። መዳህ ሲጀምር ጉልበቱ ያብጣል፤ ትንሽ ነገር ሲነካው ገላው ይጠቁራል። ሶሬቲ ብብቱን ገልጣ አይታ "ትመታዋለች" ብላ ለወንድሟ ነገረችው። ልጄን መታሁት? አንድ ጊዜ እንኳ! ጌታ ያውቃል። እሷም ታውቃለች።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የበቆሎ መሰብሰቢያ ወራት ነበር። ፉፋ ለደቦ ሌላ መንደር ሄዷል። ገለታ ወሬ የሚያወራበት፣ ሰውን የሚከተልበት ዕድሜ ላይ ነው። የጎተራውን መሰላል ሊወጣ ሲል ወደቀና አገጩን መታው። አለቀሰ፤ ምላሱን ነክሶ ነበር፤ ጥቂት ደም አየሁ፤ አፉን አጠብኩት፤ ቆመ። አመሰገንኩ፤ ማንን እንደማመሰግን ግን አላውቅም ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሲነሣ የተኛበት ቁርበት በደም ርሷል። ጮህኩ። ሶሬቲ ከላይ ወረደች። አፉን ከፍታ አየችና "አልቅት ነው" አለች።

"ጊፍቲ ኮ፣ ትናንት ወድቆ ምላሱን ነክሷል" አልኳት።

"አንቺ ዝም በይ። ከምንጩ በአፉ ተደፍቶ ሲጠጣ ዓይኔ አይቶታል። አልቅት ጉሮሮው ውስጥ ገብቷል።"

በከተማ ያደጋችሁ አታውቁት ይሆናል፤ በእኛ አገር ከብትም ልጅም ከምንጭ ሲጠጣ አልቅት ጉሮሮው ላይ ይጣበቃል። እውነት ነው፤ ይሆናል። አፉ የደማ ልጅ ሲታይ ማንም ሌላ ነገር አያስብም። ስለዚህ አልቅት የምታወጣው አሮጊት ተጠራች፤ አኮ ኩምሴ እንላታለን። አኮ አያት ማለት ነው። በእሷ ላይ ቂም የለኝም፤ የጠሯትን ሠራች። ትምባሆ በውኃ ዘፍዝፋ ባፉም ባፍንጫውም አንጠባጠበችበት። አልቅት ትምባሆ ሲሸተው ይለቃል። ልጄ አስመለሰው። የወጣው ጥቁር ደም ነበር፤ የዋጠው የራሱ ደም።

"አያችሁ! ስንቱን ጠጥቶታል!" አለች ሶሬቲ።

ከዚያም አኮ ኩምሴ ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ አፉ ውስጥ ከተተች። ምላሱ ላይ አንድ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ የሚያዳልጥ ነገር ተንጠልጥሎ ነበር። ይዛ ጎተተችው። ወጣ! አመድ ላይ ጣለችው። ሴቶቹ እልል አሉ። ሶሬቲ ወደ እኔ ዞራ "ወድቆ ነው ስትይ አልነበረም?" አለችኝ።

እኔ አመዱን አየሁ። አልቅት አመድ ላይ ሲጣል ይኮማተራል፤ ይንፈራገጣል። ይኼ አልተንቀሳቀሰም።

"አይንቀሳቀስም" አልኩ።

"ትምባሆው ገድሎታል፤ አንቺ ደግሞ ሕያው ነበር የምትፈልጊው?" አለችኝ። ሳቁብኝ።

ወገኖቼ፣ ያ አልቅት አልነበረም። የረጋ ደም ነበር! ልጄ ከስንት መከራ በኋላ የረጋ ቁራሽ ደም ቁስሉን ዘግቶለት ነበር፤ እነሱ መዝጊያውን ነቅለው ጣሉት። ደሙ እንደገና ፈሰሰ። "ሌላ አለ ማለት ነው፤ ሁለት ሆነው ነው የገቡት" አለች ሶሬቲ። ቆይተው ደግሞ ጥቁር ነገር ታየ፤ ደግሞ ጎተቱት። ደግሞ እልል ተባለ። የልጄ ከንፈር እንደ ወንድሙ ከንፈር ሲነጣ አየሁ።

ያን ጊዜ ነው የተነሣሁት። "ውኃ ልቅዳ" ብዬ ልጁን ታቀፍኩና በጓሮ ወጣሁ። በጀርባዬ አላዘልኩትም፤ ደሙ እንዳያንቀው ፊቱን ወደ ታች አድርጌ በደረቴ ያዝኩት። ወደ ነቀምት መንገድ ገባሁ። የት እንደምሄድ አላውቅም ነበር፤ ከእነሱ እጅ መራቅ ብቻ ነበር የፈለግሁት።

ከተማው መግቢያ ላይ ጌሾ የምትሸጥ አንዲት ጎጃሜ አየችኝ። "ውይ በሞትኩት! ምን ሆኖብሽ ነው?" አለች። ነጠላዬ ሁሉ ደም ነበር።

"አልቅት ነው ይላሉ" አልኳት።

"የምን አልቅት! ወደ ሚሲዮኖቹ ሆስፒታል ውሰጂው እንጂ! እኔስ ሃይማኖታቸውን አልወደውም፤ ጾም እሚባል አያውቁም። ደም ማቆም ግን ያውቁበታል። በዚያ ነው፣ በዚያ! ሩጪ! እመብርሃን ትከተልሽ!"

ጌሾዋን ጥላ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። ጌታ ይባርካት።

ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበለችን አስቴር የምትባል ድሬሰር ናት፤ የአገራችን ልጅ ናት። የልጁን አፍ በብርሃን አየችና ቀና ብላ "ሃርሜ፣ እጁን እዚህ አፍ ውስጥ የከተተው ማነው?" አለችኝ። ሃርሜ እናቴ ማለት ነው።

"ሁሉም" አልኳት።

አልተቆጣችኝም። ንጹሕ ጎዝ አጥፋ ምላሱ ላይ አደረገችና በጣቶቿ ያዘችው። ዝም ብላ ያዘችው። እኔ የጠበቅሁት ልታነሣው፣ ልታየው፣ ልትጠርገው ነበር። አላነሣችም። "ቆሞ እንደሆነ እይዋ" ብላት "ካየሁት አይቆምም፤ ደም ሲረጋ ሰው ሲያየው አይወድም" አለችኝ። ሳቅሁ መሰለኝ። በዚያ ቀን ሳቄ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ዶክተሩ የውጭ አገር ሰው ነበር። ቋንቋችንን እንደ ሕፃን ነበር የሚናገረው፤ የተቀረውን አስቴር ትተረጉምለታለች። ስለ ኦልጅራ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ስለ ገለታ ጉልበት ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ቀጥሎ ያልጠበቅሁትን ጠየቀኝ፤ "የእናትሽ ወንድሞች በሕይወት አሉ?"

የሉም። አንዱ በልጅነቱ ጥርሱን ሲነቅሉት ደሙ ፈስሶ ሞቷል። ሌላው ሲገረዝ ሞቷል። እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነግራኝ፣ ከዚያ ወዲያ አታንሺብኝ ብላኝ ነበር። እኔም ለባሌ እንኳ አልነገርኩም።

ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ። አስቴር ቀስ ብላ አስረዳችኝ። "የአንዳንድ ሰው ደም እንደሌላው ቶሎ አይረጋም። የሚያመው ወንዶቹን ነው፤ የሚመጣው ግን በእናት በኩል ነው። እናትየው አያማትም፤ እሷም ከእናቷ ሳታውቅ ነው የወሰደችው። ሴት ልጅሽም ይዛው ሊሆን ይችላል።"

"እርግማን ነው?" አልኳት።

"ዓይንሽን ከማን ነው የወሰድሽው?"

"ከእናቴ።"

"እንደዚያው ነው" አለችኝ።

ወንድሞች፣ እዚህ ላይ ልቤ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሶሬቲ በለቅሶዬ ላይ የተናገረችው ግማሹ እውነት ሆኖ ተገኘ! ከእኔ በኩል ነው የመጣው። እውነትን ለመውጋት የሚናገር ሰው ከውሸታም ይከፋል፤ ውሸቱን ትክጂዋለሽ፤ እውነቱን ወዴት ታደርጊዋለሽ? አስቴርን "ለባሌ ዘመዶች አትንገሪ" አልኳት። "እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል" አለችኝ። ቃሏንም ጠበቀች።

ዶክተሩ "አሁን ከጤነኛ ሰው የተቀዳ ትኩስ ደም ያስፈልገዋል፤ የሚያረጋው ነገር በዚያ ውስጥ አለ" አለ። ክንዴን ዘረጋሁ። "የአንቺን አይደለም፤ የአባቱን" አለ። ክንዴን መልሼ በነጠላዬ ሸፈንኩት።

ከሆስፒታሉ መልእክት ተልኮለት ፉፋ በማግሥቱ ከሰዓት በፊት ደረሰ። ሶሬቲም ተከትላው መጣች፤ አኮ ኩምሴንም ከነትምባሆ ቅሏ አስከትላለች። ገና ከበሩ "ልጅ ሰርቃ ሄደች!" እያለች ነው የገባችው። አስቴር ለፉፋ ደሙ ለልጁ እንደሚያስፈልግ ስትነግረው ሶሬቲ መሐል ገባች።

"ፉፋ! ደምህን ቀድተው ለማን እንደሚሰጡት ታውቃለህ? ደሙን የሰጠ ወንድ ሞፈር አይጨብጥም! ሚስት ሞልቷል፣ ልጅም ይወለዳል። እኔ ወንድም የለኝም ሌላ!"

ፉፋ እኔን ሳያይ፣ እሷንም ሳያይ፣ ልጁን አየ። ገለታ ዓይኑን ገልጦ "አባ" አለው፤ በጎዝ የተሞላ አፍ ነው፤ ድምፁ በቅጡ አልወጣም። ፉፋ ጋቢውን አወለቀና ለእህቱ አስያዛት። "ያዢልኝ" ብሎ ከአስቴር ጋር ወደ ሌላው ክፍል ገባ። ክብር ለስሙ ይሁን! ባሌን በእውነት ያገባሁት ያን ቀን ነው፤ እመኑኝ።

ደሙን ሲቀዱት እኔ ከልጁ ጋር ቀረሁ። አስቴር ከመሄዷ በፊት ጎዙን ቀስ ብላ አውጥታው ነበር፤ ቁስሉ ላይ ጥቁር ደም ረግቶ ተቀምጧል። ዶክተሩም "ይህን ማንም እንዳይነካ" ብሎ ነበር የሄደው። ሶሬቲ አልጋው አጠገብ ቆመች። ጎንበስ ብላ አየች።

"ያውላችሁ! አልቅቱ ራሱ ወጣ! ኩምሴ፣ ነይ ነይ! ጭራው ይታያል!"

እጇን ወደ ልጄ አፍ ዘረጋች።

ከዚያ በፊት ጸልዬ አላውቅም። ቃልቻ ቤት ሰግጃለሁ፤ ጸሎት ግን አይደለም። በዚያች ቅጽበት ግን በልቤ እንዲህ አልኩ፤ "አስቴር የምትጠራህ አምላክ፣ ካለህ፣ እጃቸውን ከልጄ አፍ አንሣልኝ።" ይኸው ነው ጸሎቴ። ጌታ ከዚህ ያማረ አልጠየቀኝም። ወዲያው አፌ ተከፈተ፤ "ሶሬቲ! እጅሽን አንሺ!" የሚል ቃል ወጣ። የእጇንም አንጓ ያዝኩ።

 የሌላ ሕመምተኛ አስታማሚዎች ቆመው አዩኝ። ምራት የባሏን ታላቅ በስሟ ጠራች! አኮ ኩምሴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። የሶሬቲ እጅ አየር ላይ ቀረ። "ምን አልሽ?" አለች።

"ሶሬቲ አልኩሽ። ይኼ አልቅት አይደለም። የልጄ ደም ነው፤ ረግቷል። ብትነኪው እዚህ እንጮሃለን፤ አንቺም እኔም።"

እጇን ሰበሰበች። ሃሌ ሉያ! አኮ ኩምሴ ጎንበስ ብላ ደህና አድርጋ አየችና "አንቺ ሶሬቲ፣ እውነትም አልቅት አይመስልም፤ ዓይኔ ደክሟል" ብላ ቅሏን ይዛ ወጣች። ሶሬቲ የወንድሟን ጋቢ መሬት ላይ ጥላ ተከተለቻት።

ፉፋ ክንዱን አጥፎ ሲወጣ ፈርቼ ነበር። "እንዴት ነህ?" አልኩት። "የጉቶ ቁንጫ ከዚህ በላይ ጠጥቶኛል" አለኝና ጋቢውን ከመሬት አነሣ። የአባቱ ደም ለልጁ ገባ። እስከ ማታ የልጄ ከንፈር ቀለም አወጣ። ያ የረጋው ደም በጊዜው ራሱ ወደቀ፤ ከሥሩ ቁስሉ ድኖ ነበር። ማንም አልጎተተውም! ስሙ ይባረክ!

አስቴርን "ያን ቀን የጠራሁት ማነው?" ብዬ ጠየቅኋት። "አንቺ ጠርተሽው ሳለ እኔን ትጠይቂያለሽ?" አለችኝና አጠገቤ ቁጭ ብላ ስለ ኢየሱስ ነገረችኝ። ደም ሲፈሳት የኖረችውን፣ ብዙ ባለ መድኃኒት ያሠቃያትን፣ የልብሱን ጫፍ የነካችውን ሴት ታሪክ አነበበችልኝ። "ይቺ ሴት ምራት ነበረች?" አልኳት። አስቴር ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። በዚያው አልጋ አጠገብ አመንኩ። ሶሬቲ የቋጠረችውን ጨሌ አልፈታሁትም፤ አስቴር ጎዝ በምትቆርጥበት መቀስ ቆረጥኩት።

ሶሬቲ ጉቶን ሁሉ እየዞረች "ስሜን ጠራችኝ" አለች። ልጁ ድኗል የሚል ከአፏ አልወጣም። ሰዉም ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ ስሙ ነበር ሲያወራ የኖረው። እኛም ተነሥተን ነቀምት ውስጥ ቡርቃ ጃቶ በሚባለው ሰፈር፣ ሆስፒታሉ በሚቀርብበት በኩል ገባን። ፉፋም ቆይቶ ጌታን ተቀበለ። ስጠመቅ ቄሱ "ይቅር ብለሻል?" ብለው ጠይቀውኛል። ብያለሁ። በጠራችኝ ጊዜ ሄጃለሁ፤ ስትታመም ሾርባ ልኬላታለሁ። እርሺ የሚል ግን አላነበቡልኝም። በሕይወት አለች፤ ከእናንተ ወደ ጉቶ የሚወርድ ካለ ይህን ሁሉ ይንገራት፤ የተሳሳትኩት ካለ መጥታ ታርመኝ።

ገለታን ታውቁታላችሁ፤ ልጆቻችሁን ፊደል የሚያስቆጥረው እሱ ነው። ጥርሱን ሲያመው ከሆስፒታል ሌላ ቦታ አፉን አይከፍትም። ሲወድቅ እተኛለሁ አይልም፤ ወደዚያው ይሄዳል። እንዲህ አድርጎ ጌታ አቆየልኝ። ጌታ ይመስገን! በቋንቋችንም ገለታ ዋቃዮ!

እናቶች፣ ልጃችሁ ሲደማ ንጹሕ ጨርቅ አድርጉና ያዙ። አታንሡ፤ አትዩ፤ አመድ አታድርጉ። የረጋውን አትንቀሉ። ካላቆመ ይዛችሁ ሂዱ። እየሄዳችሁም ጸልዩ፤ ጸሎት አላውቅም አትበሉ፤ የእኔን ሰምታችኋል። እሱን የታመነ አያፍርም። እኔ የምጠራጠር ሴት ነኝ፤ ሰው አላምንም፤ እሱን ግን አምኜ አላፈርኩም።

አሁን ለምን ዛሬ እንደተናገርኩ ልጨርስ። ልጄ ጫልቱ ወንድ ልጅ ወልዳለች። በዚህ ሳምንት በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር፣ ቤቷ ሊገርዙት ገራዥ ጠርተው ነበር። ሄድኩና ገራዡን ከደጅ መለስኩት። የባሏ እናት "ምነው አዴ ጂፋሬ?" አለችኝ። በቤቱ ሰው ሁሉ ፊት "በእናቴ ዘር፣ በእኔም፣ ደም የማይረጋበት ነገር አለ፤ ኦልጅራን የገደለው እሱ ነው" አልኳት። ይህን ከሆስፒታሉ ውጪ ለማንም ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።  የባሏ እናት ነጠላዋን አነሣችና "እንሂድ" አለች።

ትናንት ሕፃኑን ይዘን ሄድን። ደሙን በመርፌ ትንሽ ወስደው በብርጭቆ አደረጉት። አጠገቡ ቆሜ ብርጭቆውን ሲያዘነብሉ አየሁ። ረጋ። ሕፃኑን ለእናቱ ሰጠሁ፤ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ።